የተፈረመ አሴምብሊ ምንድን ነው?

«ኮዱ የተፈረመ ስለሆነ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ያለ ስጋት ጫኑት» የሚል ምክር በዚህ ሳምንት እንደገና አነበብኩ። ኤስኪውኤል ሰርቨር የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፤ አሴምብሊ ደግሞ በዶትኔት ተጽፎ በውስጡ እንዲሠራ የሚጫንበት የኮድ ፋይል ነው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ፊርማ የማይሰጠውን ዋስትና ስለሚሰጥ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ፊርማ በደብዳቤ ላይ እንደሚያርፍ ማኅተም ነው። ደብዳቤው ከማን እንደመጣና በመንገድ ላይ እንዳልተነካ ይመሰክራል እንጂ የተጻፈበት ነገር መልካም ይሁን ክፉ አይናገርም። የፋይል አድራሻ ተቀብሎ ይዘቱን የሚመልስ አንድ ፋንክሽን እንውሰድ። በትክክል የተፈረመ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ባይት እንኳ አልተለወጠበትም። ሆኖም የተሰጠውን አድራሻ ሳያጣራ የሚቀበል ከሆነና የጠሪውን ማንነት እንዲይዝ ሆኖ ካልተጻፈ፣ እንዲጠራው የተፈቀደለት ተጠቃሚ ሁሉ የሰርቨሩ የአገልግሎት አካውንት የሚደርስበትን ፋይል በሙሉ ሊያነብበት ይችላል። ይህን የሚይዘው ኮዱን መመርመር ነው፤ ፊርማው አይይዘውም።

የፊርማው ጥቅም ፈቃድ የሚታሰርበት መሆኑ ነው። ፊርማው የሚረጋገጥበት ይፋ ቁልፍ የሰርቨሩ ዋና መዝገብ በሆነው ማስተር ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘገባል፣ ከቁልፉ ሎግኢን (የሰርቨር መግቢያ አካውንት) ይፈጠራል፣ ለሎግኢኑም ገደብ የሌለበትን ኮድ ለመጫን የሚያስችለው «አንሴፍ አሴምብሊ» የተባለው ፈቃድ ይሰጠዋል። በዚህ ሎግኢን ማንም አይገባም፤ በር ጠባቂው፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ማኅተሞችን የሚያመሳክርበት መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ነው። ማኅተሙ ራሱ፣ ማለትም የሚፈረምበት ምስጢራዊ ቁልፍ፣ በር ጠባቂው ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ እርሱን ያገኘ ሰው የፈለገውን ደብዳቤ አትሞ ያስገባልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ትረስትወርዚን አብሩትና ጨርሱ» የሚለው አቋራጭ ነው። ትረስትወርዚ ሰርቨሩ አንድን ዳታቤዝና በውስጡ ያለውን እንዲያምን የሚያደርግ ቅንብር ነው። እርሱን ማብራት ከዚያ ቤት የመጣ ሁሉ ሳይታይ ይግባ ብሎ በር ጠባቂውን እንደ ማሰናበት ነው። የዳታቤዙ ባለቤት «ኤስኤ» የተባለው የሰርቨሩ የበላይ አስተዳዳሪ አካውንት ከሆነ ደግሞ በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ የዲቢ ኦነር (ዳታቤዙን በሙሉ የማዘዝ) ሚና ያለው ሰው ሰርቨሩን በሙሉ ወደሚያዝበት ሥልጣን ሊወጣ ይችላል።

አሴምብሊው ሲጫን ከዳታቤዙ ውጭ ያለውን አይነካም ለማለት የሚሰጠው «ሴፍ» የሚለው መለያም መተማመኛ አይደለም። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2017 እትም ጀምሮ «ሲኤልአር ስትሪክት ሴኩሪቲ» የተባለው የሰርቨር ቅንብር በነባሪነት የበራ ሲሆን፣ ማንኛውንም አሴምብሊ እንደ «አንሴፍ» (ገደብ የሌለበት) ይቆጥራል፤ ምክንያቱም ኮድ ምን መንካት እንደሚችል የሚገድበው የዶትኔት ፍሬምወርክ የኮድ መዳረሻ ቁጥጥር እንደ ደኅንነት ወሰን መታየቱ ቀርቷል። መፈረም ለማይቻል አሮጌ ፋይል ሃሹን (ከይዘቱ የሚሰላ አሻራውን) በታመኑ አሴምብሊዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ኮዱ በታደሰ ቁጥር ሃሹ ስለሚለወጥ ምዝገባው መደገም አለበት።

ባክአፕ የሚመልሱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ዳታቤዙ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲሄድ አሴምብሊው አብሮት ይሄዳል፤ በማስተር ውስጥ ያሉት ቁልፍና ሎግኢን ግን ይቀራሉ። ስለዚህ ትናንት ይሠራ የነበረው ፋንክሽን አልጫን ይላል። ትረስትወርዚ በችኮላ የሚበራው ብዙ ጊዜ በዚህች ሰዓት ነው፤ መደረግ ያለበት ግን ያንኑ ይፋ ቁልፍ በአዲሱ ማስተር መመዝገብ፣ ሎግኢኑን መፍጠርና ፈቃዱን መስጠት ነው።