ማኅበራዊ አመጣጥ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ቤት ሲከራዩ ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ነው። ቅር አይልም፤ አከራይ ኪራዩን በወሩ ማግኘት አለበት። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ክፍል ስናፈላልግ ግን ደላላው ከአከራይዋ ጋር ተነጋግሮ ስልኩን ዘጋና «ሴትየዋ የጨዋ ልጅ ነው የምትፈልገው» አለኝ። ልጅቷ እኮ ከሷ በላይ ጨዋ የለም አልኩት። «እሱን አይደለም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እናቷ ሸክላ ትሸጣለች አይደል?»

ሕጉ «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚለው ይህችን «እሱን አይደለም» ነው፤ ሰው ከተወለደበት ቤተሰብና ከወላጆቹ ሙያ የተነሳ የሚሰጠውን ቦታ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይልና ልዩነት ሊደረግባቸው የማይገቡትን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ዘር፣ ብሔር፣ ቀለም፣ ጾታ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበብ ያቆማል። ዝቅ ሲል ማኅበራዊ አመጣጥ፣ ሀብትና ትውልድም አሉ። ሀብትና አመጣጥ ለየብቻ መጠቀሳቸው ያለ ነገር አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ዲግሪ አላት፣ ደመወዟም ከእኔ ይበልጣል፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ለመክፈልም ተዘጋጅታ ነበር። ድሃ በመሆኗ አልተከለከለችም። ድሃ ሲያገኝ ድህነቱ ይቀራል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ግን ደመወዝ ሲጨመር አይቀርም።

«ጨዋ» የምንለውን ቃል እንዲሁ በጠባይ ተርጉመነው እንኖራለን። ዱሮ ከጠባይ በፊት ትውልድን ይናገር ነበር፤ ባሪያ ያልሆነ፣ ከእጅ ሙያተኛ ያልተወለደ፣ አጥንቱ ሲቆጠር የማያሳፍር ማለት ነበር። የደላላው አፍ ላይ አሮጌው ትርጉም እንደነበረ ነው። ነገሩ ለነገሥታቱም አዲስ አልነበረም፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ መኖሩን አዋጁ ራሱ ይመሰክራል።

በሲዳማ ይህ ዕጣ በተለይ በሸክላ ሥራ ለሚታወቁት ሀዲቾዎች ደርሷል። ገበያ ላይ አንድ ቀን ቆሞ ማየት ይበቃል። ገዢው ምጣዱን ያነሳል፣ በጣቱ ኳኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ይከራከራል። መክፈል ሲደርስ ብሩን በሻጯ እጅ አያስይዝም፤ ጎኗ ካለው ጀበና አጠገብ መሬት ላይ ጣል ያደርገዋል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል አልልም፤ ያየሁትን ነው። ምጣዱ ቤት ሄዶ እንጀራ ይጋገርበታል።

እንግዲህ ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል? በሥራ ቦታ ከሁሉም ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ማኅበራዊ አመጣጥን በስሙ ይጠራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛው የዘር ሐረግ ወይም ማኅበራዊ አቋም ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ወደ ስድቡ ስንመጣ ክፍተት አለ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ሲጠቅስ የእጅ ሙያና አመጣጥ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የምኒልክ አዋጅ ያየውን አዲሱ አላየውም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሁሉንም ዓይነት መድልዎ በአንድ ላይ ሰብስቦ ለተበዳዩ የአቤቱታ መንገድ የሚያበጅ የእኩልነት ሕግም የለንም። ያላቸው አገሮችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ያመነታሉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የእኩልነት ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ዘጠኝ ማንነቶች አሉ፤ የመደብ ጉዳይ ግን ከዘጠኙ አንዱ አይደለም። የመንግሥት አካላት ሲወስኑ በኑሮ ደረጃ የሚመጣን ልዩነት እንዲያስቡበት የሚያስገድድ አንቀጽ መጀመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ዌልስ በ2021 ሥራ ላይ ሲያውሉት በእንግሊዝ ሳይጀመር ቀረ።

ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃው ነው። ብሔር ወይም ጾታ አንዳንዴ በማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይጻፋል። አመጣጥን ማንም አይጽፈውም። «ቤቱ ተይዟል»፣ «ቦታው ሞልቷል»፣ «እንደውልልሻለን» ተብሎ ያልፋል። የእኛም አከራይ በኋላ ስትጠየቅ ቤቱን ለእህቷ ልጅ ልትሰጠው እንደሆነ ነው የተናገረችው። ደላላውን ነገሩ ክስ ቢሆን ምስክር ትሆነኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ምን ብዬ?» አለኝ።