የማግኔት ቀለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግድግዳው ማግኔት ይሆናል»

አይሆንም። ቀለሙ ደቃቅ የብረት ዱቄት የተቀላቀለበት የሥር ቀለም ነው። ማግኔት ይለጠፍበታል እንጂ ራሱ ምንም አይስብም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር አይጎዳም።

«አንድ እጅ ይበቃል»

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማግኔቱ የሚይዘው ግድግዳው ላይ ባረፈው የብረት መጠን ልክ ስለሆነ፣ ሦስት እጅ ዝቅተኛው ነው ብላችሁ ያዙ። እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ አንድ ሊትር በሦስት እጅ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ይሸፍናል። እንደ ተራ ቀለም እየሳቡ በሰፊው ማዳረስ ብረቱን ያሳሳዋል፤ ገንዘቡን ለመቆጠብ ከሆነ የሚቀባውን ቦታ ማጥበብ ይሻላል።

ብረቱ ከባድ ስለሆነ ጣሳው ሥር ይዘቅጣል። በጠፍጣፋ እንጨት ሥሩን እየፋቁ ማማሰል፣ እየቀቡም በየ10 ደቂቃው መድገም ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው እጅ ግራጫ ውኃ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጭቃ ይሆናል። አጭር ጸጉር ያለው ሩሎ ተጠቀሙ። እያንዳንዱ እጅ ሲደርቅ፣ በኋላ የምትጠቀሙበትን ማግኔት በየቦታው እያስነኩ ደካማውን ክፍል ፈልጉ። ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ የሚደፈነው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ በኋላ የተለጠፈ ስቱኮ ማግኔቱን ከብረቱ ያርቀዋል።

«ከላዩ የፈለግነውን ያህል ቀለም መደረብ ይቻላል»

መደረብ ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ሽፋን ጉልበቱን ይቀንሳል። ሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ልኩ ነው። የሥሩ ቀለም ጥቁር ግራጫ ስለሆነ ነጭ በሁለት እጅ ላይሸፍነው ይችላል። ጠቆር ያለ ቀለም መምረጥ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

«የፍሪጅ ማግኔት ይበቃል»

እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፈው የማስታወቂያ ማግኔት የተሠራው ለፍሪጅ በር ብረት ነው፤ እዚህ ወረቀት እንኳ ይዞ ይንሸራተታል። የሚያስፈልገው ኒዮዲሚየም የሚባለው በጣም ጠንካራ ማግኔት ነው፤ ፊቱ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ይመረጣል። ትንንሾቹን ከሕፃናት አርቁ፦ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ መካከል ተሳስበው ይበሱታል። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት።

«ብረት ስላለው ይዝጋል»

በደረቅ ክፍል አያሳስብም። እርጥበት ያዘለ ግድግዳ ላይ ግን ቡናማ ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል፤ መታጠቢያ ቤት ባይሞከር ይሻላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ።

«ከባድ ዕቃም ይሸከማል»

ለልጆች ሥዕል፣ ለፎቶና ለማስታወሻ ወረቀት ጥሩ ነው። ለቢላዋ ወይም ለመደርደሪያ ግን ግድግዳው ላይ የታሰረ 0.5 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ እጅግ የተሻለ ይይዛል። አሉሚኒየም አትግዙ፤ የማይዝግ ብረትም ብዙው ዓይነት ማግኔት ስለማይስብ ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት አስነክታችሁ ሞክሩት።