አገር ላገር ዞሮ አስማት የተማረው ሰው

መስከረም 21 ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የምትለን ግሸን ማርያም ናት። ልክ ነው፣ ቀኑ የግማደ መስቀሉ ነው። በዚያው ዕለት ግን የአንድ አስማተኛ ታሪክም ይታሰባል። ቅዱስ ቆጵርያኖስ ከቅድስት ዮስቴና ጋር። በበዓሉ ግርግር መሀል ብዙ ሰው ሳይሰማው ያልፋል። እኔ ግን ለዛሬ ሰው እንደዚህ ቅርብ የሆነ ገድል ብዙ አላውቅም።

አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ258 የተሠዋው በሰሜን አፍሪካ ያለችው የቅርጣግና ጳጳስ ቆጵርያኖስ አይደለም። ሰው ሁለቱን ከጥንት ጀምሮ ያምታታቸዋል። ትልቁ የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንኳ በስብከቱ አቀላቅሏቸዋል። እኛ የምናወራው ስለ አንጾኪያው ነው።

በስሙ የተጻፈው የንስሐ ታሪክ እንዲህ ይላል። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለጣዖት ሰጡት። ትንሽ ከፍ ሲል ግሪክ አገር ኦሊምፖስ ተራራ ላይ አወጡት። እዚያ ብዙ ቀን ቆየ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ፍሬ ብቻ ይቀምስ ነበር። ቀጥሎ አርጎስ ወደምትባል የግሪክ ከተማ ሄደ። በ20 ዓመቱ ግብፅ ወርዶ ሜምፊስ ገባ። በ30 ዓመቱ ወደ ባቢሎን ሰዎች፣ ወደ ከለዳውያን ተሻገረ፣ የከዋክብትን ነገር ሊማር።

ልብ በሉ፣ ሰውዬው ይጾማል። ይደክማል። በረሃ ያቋርጣል። አንዳንዶቻችን ሁዳዴን ሳንጨርስ የምንዝል ሰዎች ነን፤ እሱ ለአጋንንት ብሎ ይህን ሁሉ ችሏል። የሚያስኬደው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ነፋስ ለምን አቅጣጫ ይቀይራል? በሽታ ከየት ይመጣል? ከሚታየው ነገር ጀርባ ያለው ማን ነው? ጥያቄዎቹ የቂል አይደሉም። ችግሩ መልሱን ሲፈልግ የነበረው ሊያዝበት መሆኑ ነው። ከሁሉ ጀርባ ያለውን ኃይል አግኝቶ በስሙ ጠርቶ «ና፣ ሂድ» ሊለው።

በመጨረሻ አንጾኪያ ገባና ሥራ ጀመረ። ደንበኛም አላጣም። አግላይዳስ የሚባል ባለጠጋ ጎረምሳ ዮስቴናን ወደደ። እሷ ድንግልናዋን ለክርስቶስ ሰጥታለች፣ እምቢ አለችው። ልጁ በቀጥታ ወደ ቆጵርያኖስ። በእኛ አገር ቋንቋ መስተፋቅር ሊያሠራ ሄደ ማለት ነው።

ዮስቴናን ደግሞ እዩአት። የትም አልተጓዘችም። ወንጌልን የሰማችው ቤቷ ተቀምጣ፣ አንድ ዲያቆን ሲያስተምር በመስኮት እያዳመጠች ነው። ቆጵርያኖስ አጋንንቱን ሲልክባት ሌሊት ለጸሎት ተነሥታ ነበር። ፈተናው ደረሰባት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ ገድሉም አይደብቀውም፤ ሰውነቷ ጋለ፣ ሐሳቧ ተረበሸ። በመስቀል አማተበች፣ ወደ ጌታ ጮኸች። የተላከው ጋኔን ባዶ እጁን ተመለሰ። ሌላ ተላከ፣ እሱም ተመለሰ።

ከዚያ አጋንንቱ ዘዴ ፈጠሩ። አንዱ ራሱ ዮስቴናን መስሎ ወደ ቆጵርያኖስ ገባ። መልኳ፣ ልብሷ፣ ምኗም አልቀረ። ቆጵርያኖስ ደስ ብሎት «እንኳን ደኅና መጣሽ፣ ዮስቴና» አለ። ስሟ ሲጠራ ያ የቆመው ነገር እንደ ጢስ በነነ። እሷ እዚያ የለችም፤ ስሟ ብቻ ነው የተጠራው። ያን ያህል ዘመን የአጋንንትን ስም ሲያጠና የኖረ ሰው፣ የአንዲት ልጅን ስም መሸከም የማይችል ጌታ እያገለገለ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

ጋኔኑን ጠየቀው። ምን አስፈራህ? የተሰቀለው የክርስቶስ ምልክት። እንግዲያው የተሰቀለው ካንተ ይበልጣል? አዎ፣ ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ለመዞር የሚቀረው አገር አልነበረም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን ሲሞንን አስታውሱ። እሱም አስማተኛ ነበር፣ ተጠመቀም። ግን ሐዋርያት እጅ ሲጭኑ አይቶ ብር አመጣና ይህን ሥልጣን ለእኔም ስጡኝ አለ። ጴጥሮስ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ነው ያለው። ሲሞን እምነት ለውጧል፣ ፍላጎቱን ግን አልለወጠም። ዛሬም የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። ጠንቋይ ቤት የማንሄድ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነን እንደዚያ ማሰብ እንችላለን። ይህን ጸሎት ይህን ያህል ጊዜ ድገም፣ ጸበሉን በዚህ ሰዓት ጠጣ፣ ከዚያ ቪዛው ይመጣል። እንደ ሞባይል ካርድ ቁጥሩን በትክክል ካስገባህ ይሞላልሃል! ጸሎቱ ቅዱስ ነው፣ ጸበሉም ቅዱስ ነው። እኛ ግን እግዚአብሔርን ልናዝዘው ከሆነ የያዝነው የቆጵርያኖስን የድሮ ጥያቄ ነው። ዮስቴና በዚያ ሌሊት ማንንም አላዘዘችም። አድነኝ ብላ ለመነች።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ቀላል አልነበረም። ቆጵርያኖስ መጽሐፎቹን ይዞ ወደ ጳጳሱ ሲሄድ ጳጳሱ ጠረጠረው። ሌላ ተንኮል ይዞ መጣ ብሎ ፈራ፣ አይፈረድበትም። መጽሐፎቹ በእሳት ተቃጠሉ፤ በኤፌሶንም አስማተኞች 50 ሺህ የብር ሳንቲም የሚያወጣ መጽሐፍ እንዲሁ አቃጥለዋል። ግን መጽሐፍ ቢቃጠል ትዝታ አይቃጠልም። ያጠፋቸው ሰዎች ትዝ እያሉት ለእኔ ምሕረት የለም ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ያጽናናው አውሳብዮስ የሚባል ክርስቲያን ወዳጁ ነው። ተጠመቀ። በቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የተሰጠው አገልግሎት በር ጠባቂነት ነበር። ኋላ ዲያቆን፣ ቄስ፣ ጳጳስም ሆነ፤ ከዮስቴና ጋር አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጡ።

ቤታችሁ ከትራስ ሥር ያደረ ክታብ፣ በቴሌግራም የተገዛ «መፍትሔ»፣ ዘመድ ያመጣው ምንነቱ የማይታወቅ ሥር ካለ ለንስሐ አባታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ አባት ሩቅ ከሆነ በስልክም ንገሯቸው፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። አትፍሩ። ከቆጵርያኖስ የበለጠ ሸክም ይዞ የሚመጣ ብዙ ሰው የለም።