የአራስ ሕፃን ጋሪ አመራረጥ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ የሕፃን ጋሪ የከተማ ዕቃ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በአስፋልቱ ዳር ሲገፋ ይታያል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን፣ በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ፣ በአንኮበርም ሆነ በግሼ፣ ልጅ የሚጓዘው በእናቱ ወይም በታላቅ እህቱ ጀርባ ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዳገትና ገደል የበዛበት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያወልቅ አገር ለጎማ አይመችም። ጋሪ ሊገዛ ያሰበ ወላጅ ከዋጋውም ከቀለሙም በፊት ከደጃፉ እስከ ጤና ጣቢያው፣ እስከ ገበያውና እስከ ዘመድ ቤት ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ በሐሳቡ ቢሄድበት ይበጀዋል።

አንቀልባና እቅፍ

የአካባቢው ነባር ማዘያ አንቀልባ ነው። ከለፋ ቆዳ ይሠራል፤ ጠፍሩ በእናቲቱ ትከሻና ደረት ዞሮ ይታሰራል፤ ያማረው ደግሞ ዛጎልና ጨሌ ይደረደርበታል። በከተማ ቦታውን ነጠላ፣ ጋቢና ከሱቅ የሚገዛ የጨርቅ ማዘያ ወስደውታል። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ እግሮቹን ከፍቶ የእናቱን ወገብ አቅፎ ስለሚቀመጥ አቀማመጡ ለዳሌው መገጣጠሚያ ይስማማዋል፤ የእናቱም ሙቀት አይለየውም። በዚህ ረገድ የትኛውም ጋሪ አይስተካከለውም።

አራስ ግን አይታዘልም። አንገቱ እስኪጸና፣ ማለትም እስከ ሦስትና አራት ወር ገደማ፣ ልጅ ይታቀፋል እንጂ ጀርባ ላይ አይወጣም። ጋሪ ጥቅሙ የሚታየውም በእነዚህ ወራት ነው፤ በተለይ በቀዶ ሕክምና ለወለደችና ገና ላልጠናች እናት። የክትባቱ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሲወለድ ከሚሰጠው ቀጥሎ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት መመላለስ አለ። ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ለዚያ ቀን ግን ጋሪ ብዙም አይረዳም፤ በማለዳው ብርድ፣ በደረጃውና በሰዉ ግፊያ መካከል እቅፍ ይሻላል። በይፋት በኩል ሙስሊሙ ቤተሰብ አቂቃውን፣ ማለትም ለልጁ መወለድ የሚታረደውን፣ በ7ኛው ቀን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ስለሆነ ሕፃኑ ለዚያ ብሎ መንገድ አይወጣም።

ጋሪው ከየት መጣ

የመጀመሪያው የታወቀ የሕፃን ጋሪ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 በእንግሊዝ አገር ነው። የአትክልት ስፍራ ነዳፊው ዊሊያም ኬንት ለዴቮንሸር መስፍን ልጆች የሠራው ሲሆን፣ የሚጎትተውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። በ1889 አሜሪካዊው ዊሊያም ሪቻርድሰን የሕፃኑን መተኛ ወደ ገፊው ፊት ማዞር የሚያስችል ጋሪ ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1965 ደግሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረው እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን ከአልሙኒየም ቱቦ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ነደፈ።

ዛሬ በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ርካሽ ጋሪ የዚህ የመጨረሻው ዘር ነው። ክብደት የለውም፤ ታጥፎ የሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፤ ለክርስትና ስጦታም ያምራል። ችግሩ የታሰበው ቀና ብሎ ለሚቀመጥ ልጅ እንጂ ለአራስ አለመሆኑ ነው።

ለአራስ የሚሆነው

አራስ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው መተኛት አለበት። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ የአንገቱ ጡንቻ ደግሞ ገና አልጠነከረም። በከፊል በተቀመጠ ወንበር ላይ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር ቧንቧውን ያጠበዋል። ሳይጮህ፣ ሳይታገል ትንፋሽ ሊያጥረው ስለሚችል አደጋው በዓይን አይያዝም። ስለዚህ መግዛት ያለበት አልጋ መሰል መተኛ ያለው፣ ወይም የወንበሩ መደገፊያ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ጋሪ ነው። «ትንሽ ጋደም ይላል» የሚለው የባለ ሱቁ ቃል አይበቃም፤ መደገፊያውን እስከ መጨረሻው አውርዶ በእጅ መዳበስ ነው። ልጁ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲችል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ፣ ወደ ወንበር ዓይነቱ መሻገር ይቻላል።

ፍራሹ ጠንከር ያለና ከመተኛው ጠርዝ ጋር የገጠመ ይሁን። እዚህ አገር የተለመደው «ይደላዋል» ተብሎ ተጨማሪ ስፖንጅና ትራስ መደልደል ነው። ይህ በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ለስላሳው ነገር ፊቱን ይቀብረዋል፣ ከፍ ያለው ፍራሽ ደግሞ የመተኛውን ግድግዳ ዝቅ አድርጎ ልጁን ለመውደቅ ያጋልጠዋል። ትራስ ለአራስ ጭራሽ አያስፈልግም።

የወንበር ጋሪ ሲሆን በሁለት ትከሻ፣ በሁለት ወገብና በእግሮች መሐል የሚይዝ ባለ አምስት ማሰሪያ ቀበቶ ተመራጭ ነው። ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ከጋቢው በላይ ማሰር የሚታይ ስሕተት ነው፤ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ልጁ ከውስጥ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ ማልበስ።

የአውሮፓ የሕፃን ጋሪ ደረጃ ኢኤን 1888፣ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ833 ይባላል። ጋሪው እንዳይገለበጥ፣ ፍሬኑ እንዲይዝ፣ ማጠፊያው ጣት እንዳይቀረጥፍ የሚፈተኑት በእነዚህ ነው። ምልክቱ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ይሁንና ተለጣፊ ወረቀት ብቻውን ሊያሳምን አይገባም። የአምስት ኪሎ ዱቄት ከረጢት አስተኝቶ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ መግፋት ከብዙ ወሬ የተሻለ ይናገራል።

ብርድ፣ ዓይንና ምች

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል። ወላጅ ከላይ ብርድ ልብስ ሲደራርብ የሚዘነጋው ቅዝቃዜው ከታችም መምጣቱን ነው፤ በጋሪው ሆድ ሥር ነፋስ እንደ ልቡ ያልፋል። ፍላጎቱ ሙቀት ከሆነ የታጠፈ የሱፍ ብርድ ልብስ ከፍራሹ ሥር ማንጠፍ ይረዳል፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ይህ አይቸግርም። ልጁ በርዶት ወይም ሞቆት እንደሆነ የሚነግረው እጅና እግሩ አይደለም፤ ማጅራቱን ወይም ደረቱን መዳሰስ ነው።

ዋናው አደጋ ግን መሸፋፈኑ ነው። ዓይን እንዳያገኘው፣ ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው ተብሎ የጋሪው አፍ በጋቢ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይዘጋል። በተለይ ፀሐይ ባለበት ቀን ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ይግላል፤ አየሩም አይዘዋወርም። እናቶችን «እምነታችሁን ተዉ» ማለት ፋይዳ የለውም፤ የሚያስማማ መላ አለ። ጥሩ የጋሪ ጥላ ወደ ፊት ረዝሞ ስለሚወርድ የአላፊ አግዳሚውን ዓይንም የቀትሩን ፀሐይም ይከልላል። ያ ካልበቃ ስስ ነጠላ በአንድ ወገን ጥሎ ሌላውን ወገን ክፍት መተው ይቻላል። በከፍታ ቦታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በብርዱ ተታሎ ጥላ የሌለው ጋሪ መግዛት ለደገኛ አይመከርም።

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ በአንድ ጠዋት ይደረሳል። ለደጋ የለበሰ ሕፃን ደብረ ሲናን ሲያልፍ ማላብ ይጀምራልና ልብሱን በየመሐሉ ማቅለል ያሻል። ቆላው ላይ የጋሪው ግድግዳ አየር የሚያስገባ መረብ ቢኖረው ይመረጣል፤ ወባም ስላለ በመተኛው ልክ የሚገጥም አጎበር የግድ ነው።

ጎማ፣ ፍሬንና መንገድ

ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ በመሆኗ ለጋሪ ከዞኑ ከተሞች ሁሉ ትመቻለች፤ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኗ ግን ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማን ያንገጫግጫል፣ ፊተኛውንም በድንጋይ መሐል ይሰነቅረዋል። ትልልቅ ባለ አየር ጎማ መንገጫገጩን ይውጣል፤ ሲፈነዳም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ፊተኛው ጎማ የሚዞር ከሆነ በሻካራ መንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚቆልፍ ነገር ይኑረው። የእግረኛ መንገዱ በዕቃ ሲያዝ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ወደሚጋፉበት አስፋልት መውረድ ይመጣል፤ ሕፃኑ ደግሞ በጭስ ማውጫ ከፍታ ላይ ነው። ራቅ ያለውን የውስጥ መንገድ መምረጥ ያዋጣል።

ደብረ ሲና ወይም አንኮበር ላይ ወሳኙ ፍሬን ነው። ሁለቱንም የኋላ ጎማ የሚይዝ፣ በአንድ ርግጫ የሚቆለፍ ይሁን። ዳገት ላይ ሲቆም ጋሪው አቅጣጫውን ከቁልቁለቱ ጋር ሳይሆን አግድም ይደረጋል፤ ከእጀታው ወደ እጅ አንጓ የሚታሰር ጠፍር ቢጨመርም አይበዛበትም። ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢልና ፌስታል እጀታው ላይ ማንጠልጠል ጋሪውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ዕቃ የሚጫነው ከታች ባለው ቅርጫት ብቻ ነው።

ያገለገለ ጋሪ

ብዙ ቤት ጋሪ የሚገባው ከውጭ አገር ዘመድ ወይም ልጁ ካደገበት ጎረቤት ነው። ያገለገለ መሆኑ አያስነውርም፤ ጥሩ ተሠርቶ ያገለገለ ጋሪ ከአዲስ ርካሽ ይልቅ ዕድሜ አለው። የሚታየው ማጠፊያው ሲዘረጋ ቀጭ ብሎ መቆለፉ፣ ብረቱ አለመሰንጠቁ፣ ቀበቶው አለመተልተሉ ነው። በፖርቶመጋላ ላይ በገመድ ተጠፍሮ የመጣ ጋሪ ቱቦው ሊጎብጥ ይችላልና ከመንገድ በወረደ ቁጥር ልጁ ሳይተኛበት መቆለፊያውን ደጋግሞ መሞከር ይገባል። ጎማው ቢያልቅ በብስክሌት መለዋወጫ ይተካል፤ የተሰበረ ማጠፊያ ግን በሽቦ አይታሰርም።