«ኬሪ ኦን»፦ ከጦር ሰፈር የወጣ አባባል

«ኬሪ ኦን» በእንግሊዝኛ «ቀጥል» ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በየስኒውና በየቲሸርቱ ከታተመው «ተረጋጉና ቀጥሉ» ከሚለው መፈክር ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ1939 በፖስተር አሳትሞት ነበር፤ ያኔ ግን ሕዝቡ ብዙም ሳያየው ቀረ። እኔ የምወደው ግን ፖስተሩን ሳይሆን በዚህ አባባል የተጠሩትን የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲዎች ነው።

አባባሉ የወታደር ነው። መኮንኑ ሰልፉን አይቶ ሲሄድ ሃምሳ አለቃውን «ቀጥል» ይለዋል። እኔ ብሄድም ሥራው አይቁም ማለቱ ነው። በ1958 የወጣው «ኬሪ ኦን ሳጅን» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ትእዛዝ ነው። ጡረታ የደረሰ ሃምሳ አለቃ የመጨረሻ ምልምሎቹ አንደኛ እንደሚወጡ 50 ፓውንድ ይወራረዳል። የደረሱት ልጆች ግን ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ናቸው! ያኔ ውትድርና ግዴታ ስለነበር ተመልካቹ ነገሩን ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ፊልሙ ተወደደ። ፕሮዲዩሰሩ ፒተር ሮጀርስና ዳይሬክተሩ ጄራልድ ቶማስም በፓይንውድ ስቱዲዮ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ሌላውን ቀጠሉ።

አባባሉ ሌላም ፍቺ አለው። በተራው ሰው አፍ መቅበጥ፣ መባለግ፣ ከሰው ትዳር መማገጥም «ኬሪ ኦን» ይባላል። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ሰሙ ትእዛዝ ነው፣ ወርቁ ብልግና።

በ1959ኙ «ኬሪ ኦን ነርስ» ሆስፒታል የተኛ አንድ ኮሎኔል ደወሉን እየደወለ ነርሶቹን ሲያመላልስ ይውላል። በመጨረሻ ይበቀሉታል። ትኩሳት እንለካ ብለው በሆዱ ያስተኙታል። ሃቲ ጄክስ የምትጫወታት የነርሶች አለቃ ገብታ ስትደነግጥ፣ ኮሎኔሉ ትኩሳት ሲለካ አይተው አያውቁም ወይ ይላታል። አይቻለሁ፣ በአበባ ሲለካ ግን አላየሁም ትለዋለች። በቴርሞሜትሩ ቦታ የገባው ቢጫ አበባ ነው። የቀረውን የሚጨርሰው ተመልካቹ ራሱ ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የ1968ቱ «ኬሪ ኦን አፕ ዘ ካይበር» ነው። ታሪኩ በቅኝ ግዛት ዘመን ህንድ ድንበር ላይ ነው፤ ተራሮቹ የተቀረጹት ዌልስ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ ገዢ መኖሪያ በመድፍ ይደበደባል። ገዢውን የሚጫወተው ሲድ ጄምስና እንግዶቹ ግን የክት ልብሳቸውን ለብሰው ራት ላይ ናቸው። ጣሪያው ይፈርሳል፣ ልስኑ ምግቡ ላይና ፀጉራቸው ላይ ይረግፋል፣ ሙዚቀኞቹ መጫወታቸውን አይተዉም። የሚንቀጠቀጠው ፒተር ባተርወርዝ የሚጫወተው ሰባኪ ብቻ ነው። «ቀጥል» የሚለው የወታደር ኩራት እንዲህ ሲሳቅበት የትም አላየሁም። ደግሞ የሳቁበት የራሳቸው ሰዎች ናቸው።

በ1978 «ኬሪ ኦን ኢማኑኤል» ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ በግልጽ ተነገረ። ሰሙ ቀረ፣ ሳቁም አብሮ ጠፋ። አዲስ ጀማሪ በእሱ ባይጀምር ይሻለዋል። በነርሷ ይጀምር፣ ከዚያ ወደ ካይበር ይለፍ።