«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»፦ ለማን ነው የሚባለው? መቼስ?

አራስ ጥየቃ ሄዶ ይህን አባባል ሳይሰማ የተመለሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ፣ ገንፎው ተቀምሶ፣ ሕፃኑ «አባቱን ቁርጥ!» ከተባለ በኋላ ወሬው ወደ ኑሮ ይዞራል። እናትየው አምስተኛዋን ነው የተገላገለችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኧረ እንዴት እንደማሳድጋቸው እንጃ» ትላለች። ይሄኔ ከተቀመጡት ትልልቅ ሴቶች አንደኛዋ ፈጠን ይላሉ፦ «አይዞሽ ልጄ! ልጅ በዕድሉ ያድጋል።» ሌላዋ ደግሞ ያጠናክራሉ፦ «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።»

ትርጉሙ ከባድ አይደለም። ልጅ የሚያድገው አባትና እናቱ ባላቸው ብቻ አይደለም፤ ፈጣሪ የመደበለት የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። «ልጅ ዕድሉን ይዞ ይወለዳል» የሚሉም አሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ሪዝቁን ይዞ ይመጣል» ይላሉ። ከኋላው ያለው እምነት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት «ብዙ ተባዙ ምድርንም ሙሉአት» ይላል። ቁርዓንም በአል-ኢስራእ ምዕራፍ ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ፣ እነርሱንም እናንተንም የምንመግበው እኛ ነን ይላል። እንግዲህ አባባሉ ከሁለቱም ወገን ድጋፍ አለው።

ችግሩ የሚመጣው ከአራስ ቤት ሲወጣ ነው። አሁን አሁን አባባሉ የክርክር መሣሪያ ሆኗል። ስድስት ሰባት ልጅ መውለድ የሚፈልጉ ባልና ሚስት መከራከሪያ ያደርጉታል። ሁለት ወልደው የቆሙት ደግሞ «ዕድል የትምህርት ቤት ክፍያ አይከፍልም» ብለው ይስቁበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ወገኖች አባባሉን ያለ ቦታው ነው የያዙት። ይህ አነጋገር የተፈጠረው ስንት ልጅ እንውለድ ብለው ለሚመክሩ ሰዎች አይደለም። ለወለደች ወይም ላረገዘች፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ለምትሰጋ ሴት የሚነገር ማጽናኛ ነው። አሁን ምን ልትሆን ነው? ልጁ መጥቷል። አይዞሽ ይባላል እንጂ ሒሳብ አይሠራላትም።

ደግሞም ማጽናኛው ባዶ ቃል አልነበረም። አባባሉ የበቀለበትን ኑሮ ትንሽ እንየው።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የርስት ሥርዓት በነበረበት ዘመን አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱ ወገን ብቻ አልነበረም። በእናቱም፣ በአያቱም፣ በቅድመ አያቱም በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን አስቆጥሮ ድርሻዬን ማለት ይችላል። ሴት ልጅም ትወርሳለች። በርግጥ ለማግኘቱ ክርክርና ሙግት ነበረው፤ ርስት ያጨቃጨቀውን ያህል ሰው ያጨቃጨቀ ነገር ያለም አይመስለኝም። ቢሆንም አንድ ሕፃን ሲወለድ ቢያንስ የመጠየቅ መብት ይዞ ይወለዳል። «ድርሻውን ይዞ መጣ» ማለት እንዲያው ምኞት ብቻ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ግን አባባሉ አልወደቀም። እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ ሌላ ድጋፍ አገኘ። የገበሬ ማኅበራት መሬት ሲያከፋፍሉ የቤተሰብ ብዛት ያዩ ነበር። ብዙ አፍ ያለው ገበሬ የተሻለ ይደርሰዋል። ስለዚህ አምስተኛው ልጅ እውነትም ቁራሽ መሬት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያስ? በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ያኔ ድርሻ ያገኘው አገኘ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ድርሻው ያለው አባቱ ማሳ ውስጥ ነው። አራት ጥማድ መሬት፣ ወደ አንድ ሄክታር ገደማ ማለት ነው፣ ለሰባት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድም አይሞላም። በገጠር «መሬት አልባ ወጣት» የሚለው አጠራር የበዛው ለዚህ ነው። አባባሉ እንዳለ ነው፣ ከሥሩ የነበረው መሬት ግን አልቋል።

ሌላው ነገር ሞት ነው። ይሄን ሳንነካ ስለ ብዙ ልጅ ማውራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከስድስት አንድ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ የባሰ ነው። ስሞቻችንን ብቻ ተመልከቱ። ምትኩ፣ ተተካ፣ ካሳ፣ ኑርልኝ። ብዙ ጊዜ እነዚህን ስሞች የሚሸከመው ከእሱ በፊት የሄደ ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ነው። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚባለውም በዋዛ አይደለም። ሰባት የወለደች እናት ሰባት አሳድጋለሁ ብላ አልነበረም የምትወልደው። ከሰባቱ አራቱ ከተረፉልኝ ብላ ነው። በዚያ ላይ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል «ያድጋል» የምትለዋ ቃል ራሷ ጸሎት ነበረች።

በ2008ቱ ጥናት ያ 166 ወደ 67 ወርዷል። አሁን ይደርሳሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ስሌቱን ገለባበጠው። የወለደ ሁሉ ያሳድጋል፣ ያሳደገ ሁሉ ያስተምራል፣ ያስተማረ ሁሉ ሥራ ይፈልጋል።

የወሊድ ቁጥሩም ወርዷል። መንግሥት በ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ሲያወጣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች ብሎ ተነስቶ፣ በ2007 ዓ.ም. ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር። የ2008ቱ ጥናት 4.6 አለ። አገሪቱ ግን አንድ አይደለችም። አዲስ አበባ 1.8 ላይ ስትሆን ሶማሌ ክልል 7.2 ነው። ያልተማሩ ሴቶች 5.7፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ «ስንት ልጅ ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህን ያህል ይራራቃል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ቢጨቃጨቁ አይግረማችሁ፤ የሚያወሩት ከሁለት ዓለም ሆነው ነው።

ብዙ መውለድ የሚፈልጉትን ሰዎች ግን «አልነቃ ያሉ» ብሎ ማለፍ ደስ አይለኝም። ምክንያት አላቸው። ለገበሬ ጡረታ የለውም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው ሲያረጁ የሚይዛቸው ልጅ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ውስጥ ሆኖ ሁለት ብቻ ወልዶ መቆም ድፍረት ይጠይቃል። አንዱ ቢሰደድ፣ አንዱ ባይሳካለትስ?

እኛ ቤት ሰባት ነን። እኔ አምስተኛ ነኝ። አባታችን ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ተራ ገብተን አስታመምን። አንዱ ሌሊት ያድራል፣ አንዷ ምግብ ታመጣለች፣ አንዱ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። አጠገባችን ለአልጋ ቁራኛ እናቱ ብቻውን የሚሯሯጥ ልጅ ነበር። ካርድ ለማውጣት ሲወርድ እናቱን «አንዴ እዩልኝ» ብሎን ነበር የሚሄደው። ብዙ መሆን እንዲህ ባለ ቀን ያስታውቃል። ማንም የፈለገውን ቢል ይህን አልክድም።

ግን የእኛን ቤት ሌላውንም ገጽ ልንገራችሁ። ሁላችንም በዕድላችን ነው ያደግነው ይባላል። ዕድላችን ግን ሰው ነበር። ታላቅ እህታችን፣ እታለም የምንላት። ትዝ የሚለኝ አቋቋሟ ነው። ትንሹን ወንድሜን በአንቀልባ አዝላ፣ ደብተሯን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግታ፣ ቆማ የቤት ሥራ ትሠራለች። ለምን ቆመሽ? ከተቀመጠች ልጁ ይነቃል። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘች ትጽፋለች። ጽሕፈቷም እንደ እሷ ይወዛወዛል። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትወድቅ ቤት ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም። «እሷማ ቤቱን ያዘችልን» ተባለ። ከእኛ ከታናናሾቿ ሦስታችን ዩኒቨርሲቲ ገባን።

አባባሉን ስሰማ ዛሬም የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው። ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ እሺ። ያ ዕድል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰማይ አይወርድም። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ጀርባ ነው። የአያት ጉልበት ነው። «ልጄ በላህ ወይ?» የምትለዋ ጎረቤት ምጣድ ነው። ድሮ ልጅ የሰፈር ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ያበላዋል፣ ሲያጠፋም ይቆነጥጠዋል። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ የምትኖር ወጣት እናት እነዚያ ሁሉ እጆች የሏትም። ሞግዚት ልቅጠር ብትል፣ ስንቷ ልጃገረድ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ የተገኘችውም ደሞዟ ቀላል አይደለም። ዳይፐሩ፣ ወተቱ፣ ሰርቪሱ፣ በየዓመቱ «የክፍያ ማስተካከያ» ተብሎ የሚጠራው የትምህርት ቤት ስብሰባ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ክፍያው ግን በየተርሙ ነው» የሚል ቀልድ የተወለደው ከዚህ ነው።

አሜሪካ ያሉትም ያው ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ባልና ሚስት ፈረቃ እየተቀያየሩ ይሠራሉ። ሲወለድ መጀመሪያ የሚታሰበው «እማዬን እናምጣ» ነው። እማዬ በጉብኝት ቪዛ ይሄዳሉ፣ ስድስት ወር ያሳድጋሉ፣ በረዶው ሲያንገሸግሻቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ልጅ ላይ ውይይቱ ይጠነክራል። ዕድሉ የመመለሻ ትኬት ቆርጦ ሄዷላ።

ሁለት ወልደው የሚቆሙትን «ራስ ወዳድ» የሚሏቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ብዙዎቹ ልጅ ጠልተው አይደለም። የሚያሳድግላቸው እጅ ቆጥረው ነው። በተቃራኒው አቅሙም፣ ሰውም፣ ፍላጎቱም ኖሯቸው ስድስት የሚወልዱትን «ኋላ ቀር» ማለትም ያው ስህተት ነው። ልዩነቱ ያለው ማን ወሰነ የሚለው ላይ ይመስለኛል። ባልና ሚስት ተማክረው፣ እሷም ወዳ፣ በመካከል አረፍ እያለች የወለደቻቸው ስድስት ልጆችና የባል እናት «ምነው በሁለት ቀረሽ?» እያሉ ያስወለዷት ስድስት ልጆች አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይጠበቅ ይላል። ይህን ምክር ለአማት ማን ይንገር?

አባባሉን መቼ እንደምትጠቀሙበት ከጠየቃችሁኝ፣ ለእርጉዝ፣ ለአራስ፣ ልጁ ትምህርት አልገባው ብሎ ለተጨነቀ አባት በሉት። ያጽናናል። ልጅ ያለ ወላጅ በዘመድ እጅ አድጎ ለቁም ነገር ሲበቃም «አየህ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፤ እዚያም ቦታው ነው። ገና ላልወለዱ ሙሽሮች ግን አትበሉት። ለነሱ «ውለዱ ክበዱ» አለላቸው፤ ቁጥር አይጠቅስም።

እታለም ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው ቡና ላይ አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሴት ያዟት።

«ሦስተኛውስ? ኧረ ተይ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል እኮ!»

«እሺ እማማ» አለች። «ዕድሉን ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይላኩልኛ፣ እኔ ሥራ እገባለሁ።»

እማማ ቅር አላላቸውም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኔ አለሁ አይደል? አንቺ ብቻ ውለጂው፣ እኔ እይዝልሻለሁ!» አሏት። እታለም አመስግና ሁለተኛውን ቀዳች። ልጆቿ አሁንም ሁለት ናቸው።