«ኮምፒውተሩ ነው የሠራው»፦ በፊልም ስለምናያቸው ዲጂታል ሥፍራዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ሲጂአይ (በኮምፒውተር ስለሚሠራ የፊልም ምስል) የምናወራው አብዛኛውን ጊዜ ሲበላሽ ነው። በደንብ የተሠራውን እውነተኛ ቦታ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ሙያው የሚመዘነው በደካማ ሥራዎቹ ብቻ ይሆናል። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ዋና ዋናዎቹ እነሆ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ዲጂታል ሥፍራ የሚያስፈልገው ለጠፈርና ለዘንዶ ፊልም ነው»

የዴቪድ ፊንቸርን «ዞዲያክ» (2007) ተመልከቱ። በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር ዋሽንግተንና ቼሪ የተባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ቦታ ተገደለ። ፊልሙ ሲሠራ ሰፈሩ የዚያን ዘመን መልኩን ይዞ አልቆየም ነበር። ስለዚህ ተዋናዮቹና ታክሲው ሰማያዊ ስክሪን (በኋላ በሌላ ምስል የሚተካ ባለ አንድ ቀለም መጋረጃ) ባለበት ተቀረጹ፤ በዙሪያቸው ያለውን ሰፈር ዲጂታል ዶሜይን የተባለው ስቱዲዮ በኮምፒውተር ሠራው። ፍንዳታ የለ፣ ጭራቅ የለ፤ ሌሊት ላይ ጸጥ ያለ የመኖሪያ መንደር ብቻ ነው። «ፓራሳይት» (2019) ላይ የምናየው የሀብታሞቹ ቤትም እንዲሁ ነው፦ የታችኛው ክፍልና ግቢው ለቀረጻ ተገንብተዋል፣ ከውጭ የሚታየው የላይኛው ፎቅ ግን በኋላ የተጨመረ ዲጂታል ሥራ ነው።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል»

በጣም የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ሥራው የሚጀምረው ደጅ ወጥቶ ፎቶ በማንሳት ነው። ፎቶግራሜትሪ በሚባለው ዘዴ አንድ ግንብ ወይም ቋጥኝ ከየአቅጣጫው በብዙ ፎቶ ይነሳል፤ ሶፍትዌሩ በፎቶዎቹ ላይ የሚደጋገሙትን ነጥቦች እያመሳከረ የዕቃውን ቅርጽ ያወጣል። ባለሙያ ለዚህ ደመናማ ቀን ይመርጣል። በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ግድግዳ ጥላው ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ፀሐይዋን ወደ ሌላ ጎን ብታዞሯትም ያ ጥላ ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ የተመልካች ዓይንም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ይጠራጠራል።

ብርሃኑም ከቀረጻው ቦታ ይወሰዳል። ዳይሬክተሩ አንዱን ሾት እንደጨረሰ አንድ ባለሙያ ሁለት ኳስ ይዞ ካሜራው ፊት ይቆማል፤ አንዱ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ግራጫ ነው። ግራጫው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና ጥላው ምን ያህል እንደሚጠነክር ያሳያል። የሚያንጸባርቀው ደግሞ ሰማዩን፣ መብራቱን፣ ከግድግዳ የሚመለሰውን ቀለም ሳይቀር ይይዛል። በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ የተነሳ እንዲህ ያለ ምስል ዲጂታሉን ሥፍራ ለማብራት እንደሚያገለግል ተመራማሪው ፖል ዴቤቬክ በ1998 ባሳተመው ጥናት ካሳየ ወዲህ ዘዴው የሙያው መሠረት ሆኗል።

«ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር እውነት ይመስላል»

ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማውን አሻግራችሁ ተመልከቱ። አጠገባችሁ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሁሉ ይለያል። ሕንፃዎቹ ፈዘዝ ይላሉ። የረር ተራራ ጋ ስትደርሱ ግን ዝርዝሩ ጠፍቶ ሰማያዊ ቅርጽ ብቻ ይቀራል፤ በመካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሩቁን ተራራ እንደ ቅርቡ ዛፍ አጥርቶ ሲሠራው ተራራው ያንስና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞዴል ይሆናል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው።

«ሁሉም ነገር በ3ዲ ይገነባል»

አይገነባም። ካሜራው የማያየው ጀርባ አይሠራም፤ በጣም ሩቅ ያለውም ብዙውን ጊዜ ሥዕል ነው። የፊልም ባለሙያው ኖርማን ዶውን በ1907 መስታወት ላይ ሥሎ ከእውነተኛ ሥፍራ ጋር አዋሕዶ ቀርጿል። የዛሬው ማት ፔይንተር (የፊልም ዳራ ሠዓሊ) ሥዕሉን ቀለል ያለ የ3ዲ ቅርጽ ላይ ያሳርፈዋል፤ ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ ጥልቀት ይኖረዋል።

«ኤልኢዲ ግድግዳ መጥቶ ግሪን ስክሪን አበቃለት»

ኤልኢዲ ግድግዳ በቀረጻው ጊዜ ከተዋናዩ ጀርባ ዲጂታሉን ሥፍራ የሚያሳይ ግዙፍ ስክሪን ነው፤ ግሪን ስክሪን ደግሞ እንደ ሰማያዊው ስክሪን በኋላ በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ነው። «ዘ ማንዳሎሪያን» (2019) በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ የግድግዳው ዘዴ በእርግጥ ግሩም ነው፤ ግድግዳው የሚያወጣው ብርሃን የተዋናዩ ጥሩር ላይ በእውን ያንጸባርቃል። ነገር ግን ሥፍራው ከቀረጻ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ዳይሬክተሩ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ከተዋናዩ ጀርባ ያለው ምስል አብሮ ተቀርጿልና ማውጣቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ።

«ውድ ሶፍትዌር ከሌለኝ መጀመር አልችልም»

ብሌንደር የተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ነጻ ነው። በ2025 የአኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው «ፍሎው» የተሠራው በእሱ ነው። ክረምት ላይ፣ ዝናብ ባልጣለበት ደመናማ ሰዓት፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ አጥር በስልካችሁ ዙሪያውን አንሱ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር በብዛት ይደራረብ። ሜሽሩም የተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ 3ዲ ቅርጽ ይለውጥላችኋል፤ ለዚህ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ብታገኙ ይሻላል።